ሁለት ቶሎ ቶሎ፣ አንዱ ቆየት ብሎ

ጥቅምት 3

ለተወደድሽው ልጄ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ በጤናና በደስታ ያግኝሽ። እኔ ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው፤ የሳሎኑ መስኮት ብቻ፣ ያቺ የተሰነጠቀች መስታወት ነፋስ በመጣ ቁጥር ብርድ እንደ ያዘው ሰው ጥርስ መንገጫገጯን አልተወችም።

ስልክ የማላነሳበትን ምክንያት በቁጣ ጠይቀሽኛል። ቁጣሽን ተቀብያለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ በችሎት ወንበር ላይ ተቀምጬ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ሰው በአፉ የተናገረውን በማግሥቱ እንደሚክድ፣ የጻፈውን ግን ፊቱ ዘርግተው እንደሚጠይቁት ነው። ስለዚህ በጡረታ ዘመኔ የጽሑፍ ሰው ልሆን ወስኛለሁ። አጎትሽ አውቶቡሱን እየነዳ በየሳምንቱ አንቺ ወዳለሽበት ከተማ ይመላለሳል፤ ከእርሱ የተሻለ ፖስተኛ አላገኝም።

ክረምት ላይ ያመመኝ ጉሮሮ ምን ደረሰ ላልሽው፣ ታክሜያለሁ፤ አልፏል። ይህን ጉዳይ እዚህ ላይ እንዝጋው።

ስለ ትምህርትሽ የጻፍሽልኝ ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ አልገባኝም። ሥነ ሕንፃ አጠናለሁ ብለሽ ሄደሽ አሁን የምትጽፊልኝ ስለ ግድግዳ ሳይሆን ግድግዳ ስለሚመልሰው ድምፅ ነው። ለሽማግሌ በሚገባ ቋንቋ እንደገና አስረጂኝ። ጎረቤቶችሽስ ምን ያጠናሉ?

አባትሽ

አጎትሽን ስለ እኔ በጥያቄ አታፋጥጪው። መንገድ ላይ ያለ ሾፌር ሐሳቡ መከፈል የለበትም።


ጥቅምት 19

ለውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ፣ ከስልክዎ ጋር ከመኳረፌ በቀር፣ ደህና ነኝ።

አጎቴን አላፋጠጥኩትም፤ ዕድሉንም አልሰጠኝ። ፖስታውን በአውቶቡሱ መስኮት ወርውሮልኝ «ሞተሩ ይሞቅብኛል!» ብሎ በረረ። እኔ የማውቀው አጎቴ ከመናኸሪያው ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰማ ሰው ነው። በሁለት ቃል ተሰናብቶኝ ሲሄድ ይህ የመጀመሪያው ነው።

የምንሠራበት ሕንፃ አሮጌ ነው። ላይኛውን ፎቅ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ለቀውልናል። ኮሪደሩ አንድ ነው፣ በሮቹ ብዙ ናቸው፣ ከእያንዳንዱም በር ጀርባ አንድ ዓይነት እብደት አለ። ከእኔ ቀጥሎ ያለው በሮች በዝናብ ወቅት ለምን አብጠው አልዘጋ እንደሚሉ ያጠናል። «አናጢው» እንለዋለን፤ «የእንጨት ሳይንቲስት በሉኝ እንጂ!» እያለ ይቆጣል። ፊት ለፊቴ ሐኪሟ አለች። ማንቁርታቸውን በቀዶ ሕክምና ያጡ ሰዎች እንዴት እንደገና እንደሚውጡና እንደሚናገሩ ነው ጥናቷ። የበሽተኞቿን ሳል ስትሰማ ስለምትውል ምሳ አብሯት የሚበላ ጠፍቷል። ከእሷ ወዲያ ያለችው ልጅ ንቦች በመኪና ጫጫታ መሃል አበባ እንዴት እንደሚያገኙ ታጠናለች። ቴአትረኛው ደግሞ ለመመረቂያው አንድም ንግግር የሌለበት ተውኔት እየጻፈ ነው። ባለፈው ሳምንት ንቦቹ አምልጠው መድረክ ላይ ሲያሯሩጡት ግን ብዙ ንግግር አሰማን፤ የሚጻፍ አልነበረም እንጂ።

የእኔን እንዲህ ልግለጽልዎት። ዓይንዎን ጨፍነው በቤታችን ውስጥ ቢራመዱ፣ ሳሎን ይሁኑ ኮሪደር ያውቁታል፤ ግድግዳው በእርምጃዎ ድምፅ ይነግርዎታል። እኔ የማጠናው ያንን ነው። በግንቦት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የምርምርና የፈጠራ ሥራ ቀን አለ። ሁላችንም የሠራነውን በአንድ አዳራሽ እናሳያለን። እኔ አንዲት ትንሽ ክፍል አቆማለሁ። ጎብኚው ገብቶ በጨለማ ይቀመጥና የአንድ ቤት ማለዳ ይሰማል፤ የቧንቧ ውኃ፣ መጥረጊያ፣ መንገጫገጩን ያልተወው መስኮት። በማለዳው መሃልም አንድ ሰው ለሚስቱ ጋዜጣ ጮክ ብሎ ያነባል።

ያ ሰው እርስዎ ነዎት። አንድ ገጽ ብቻ ያንብቡልኝ፤ በአጎቴ ስልክ ተቀርጾ ይላክልኝ።

ጆሮ ጠቢዋ ልጅዎ


ኅዳር 8

ልጄ ሆይ፣

ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት፤ የንቦቹ ጉዳይ ላይ ስደርስም ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ ሳቅሁ።

ስለ ሐኪሟ ጥናት ግን ጥቂት ብታብራሪልኝ እወዳለሁ። እነዚያ ሰዎች እንደገና ይናገራሉ መባሉ ምን ያህል እርግጥ ነው? ሲውጡ የሚያስቸግራቸው ነገርስ በጊዜ ብዛት ይሻላቸዋል? ያው ለማወቅ ጉጉት ያህል ነው።

የንባቡን ነገር በተመለከተ፣ ጋዜጣው እንደ ድሮው አይደለም። ቀጥኗል፤ ጮክ ተብሎ የሚነበብ ነገር ጠፍቶበታል። ደግሞም እናትሽ ከተለየችን ወዲህ ጮክ ብሎ ማንበብ ለግድግዳ ማንበብ ይሆንብኛል። ግድግዳ ይመልሳል ልትዪኝ ነው፤ አውቃለሁ። ቴአትረኛው ቢያነብልሽ አይሻልም? ሙያው ነው።

አባትሽ


ታኅሣሥ 2

አባባ፣

የሐኪሟ መልስ ይኸው። ብዙዎቹ ይናገራሉ ትላለች፤ ሥልጠና ይፈልጋል፣ ድምፁም የድሮው አይሆንም፤ ግን ቃል ነው፣ ይሰማል። መዋጡም እየቆየ ይሻላል። ከቀድሞ የሥራ ባልደረቦችዎ የታመመ አለ እንዴ?

ቴአትረኛው ሞክሯል። የስኳር ዋጋ መጨመሩን ዙፋኑን እንደ ተነጠቀ ንጉሥ አነበበው። እርስዎ ነጠላ ሰረዝ ላይ ጥቂት ያርፋሉ፤ አራት ነጥብ ላይ ደግሞ ከመነጽርዎ በላይ እማዬን ያዩ ነበር። ያ ማየት ይሰማል። እንዴት እንደሚሰማ አላውቅም፤ ግን ይሰማል።

የምለምንዎት ለጌጥ አይደለም። አማካሪዬ ሥራውን አዳምጠው «ንጹሕ ነው፤ ሰው ግን አይኖርበትም» አሉኝ። ይህ ካልተስተካከለ ለዘንድሮው ቀን አያቀርቡኝም፤ ምረቃዬም ለከርሞ ይተላለፋል። እማዬ ስትታመም ያቋረጥኩት ዓመት አያስቆጨኝም። ሌላ ዓመት ለመጨመር ግን አቅሙም ልቡም የለኝም።

የሚያናድደኝ፣ ቤታችን እያለሁ ሁሉን ስቀርጽ ኖሬ የእርስዎን ነገር አለመቅረጼ ነው። በሬን ሲያንኳኩ እንኳ የለኝም። ሁለት ቶሎ ቶሎ፣ አንዱ ቆየት ብሎ። እማዬ «የገዛ ልጁን በር የሚያንኳኳ ዳኛ!» ብላ ትስቅብዎት ነበር። እኔ «ማነው?» እላለሁ፤ እርስዎ «ዳኛው ነኝ፤ ይፈቀድልኛል?» ይላሉ። ሁልጊዜ የሚኖር ስለመሰለኝ አልቀረጽኩትም።

አንድ ገጽ፣ አባባ።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 20

ልጄ፣

በጠየቅሽው መሠረት አንድ ገጽ ተነብቦ ተቀርጿል፤ አጎትሽ በስልኩ ልኮልሻል። ድምፁ ትንሽ ጎርነን ቢልብሽ ብርዱ ነው። ለሐኪሟ ምስጋናዬን አድርሺልኝ። የጠየቅሁት ለአንድ ወዳጄ ነበር፤ እየበረታ ነው።

ሥራሽ ይቃናልሽ።

አባትሽ


ጥር 4

አባባ፣

ይህን ደብዳቤ እየጀመርኩ ስተወው ሰንብቻለሁ። ያነበበው አጎቴ ነው።

ገና በመጀመሪያው መስመር ነው የለየሁት። ድምፃችሁ የወንድማማች ነው፤ ምስኪን፣ ለፍቶበታልም። ግን የውኃ መቆራረጡን ዜና ተሳፋሪ እንደሚጣራ ሰው እያዜመ ነው ያነበበው። መሃል ላይ ደግሞ ይረሳና «ጋሼ፣ ይህቺ ቃል ምን ትላለች? መነጽሬን ረስቼ መጥቼ…» ይላል። ያንን መቁረጥ አላወቃችሁበትም።

ሳቅሁ። ዕድሜውን ሙሉ የሐሰት ምስክር ሲገሥጽ የኖረ ዳኛ የራሱን ወንድም የሐሰት ምስክር አድርጎ አቀረበልኝ ብዬ፣ ሐኪሟን ላስቃት ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረግሁላት። አልሳቀችም። ደግማ ሰማችው። ከዚያ «ከሚያነበው ሰው ሌላ ክፍሉ ውስጥ ማን አለ?» አለችኝ።

«አባቴ ነዋ» አልኳት።

አጎቴ ስለ ቃሏ ጠይቆ መልስ የሚጠብቅባት ቦታ አለች። እኔ እዚያ ላይ የሰማሁት የመስኮቱን መንገጫገጭ ብቻ ነበር። እሷ ድምፁን ጨምራ ደግማ አሰማችኝ፤ ከመስታወቱ ሥር አንድ ትንፋሽ አለ። «ይህ ትንፋሽ ከአፍም ከአፍንጫም አይደለም የሚወጣው» ብላ እጄን ያዘችኝ።

እኔ ነኝ እንግዲህ ጆሮ ጠቢዋ። የግድግዳን ድምፅ እለያለሁ እያልኩ፣ የአባቴን ትንፋሽ ጎረቤቴ ነገረችኝ።

ያ «እየበረታ ነው» ያሉት ወዳጅዎ እርስዎ ነዎት፤ አይደለም? ዕቃዬን እያሰርኩ ነው። ሐሙስ ከአጎቴ ጋር እመጣለሁ። ምንም አይጻፉልኝ።

ልጅዎ


ጥር 7

የልቤ ልጅ፣

አትጻፍ ብለሽኛል፤ ይቅርታ አድርጊልኝና ጽፌያለሁ። ከሐሙስ በፊት እንዲደርስሽ አጎትሽን በሌላ ሾፌር አውቶቡስ አሳፍሬ ሰድጄዋለሁ። እንደ ማንም ተሳፋሪ የኋላ ወንበር ላይ መቀመጡን እንደ ውርደት ቆጥሮታልና ደህና አድርገሽ አጽናኚው።

ተከሳሹ ክሱን አይክድም። ክረምት ላይ ማንቁርቴ ውስጥ ያደገ ነገር ተገኘ። እርሱን ሲያወጡ ማንቁርቴንም አብረው አወጡት። በሽታው ተጠርጎ ወጥቷል፣ የተረፈ ነገር የለም ብለውኛል። የምተነፍሰው አንገቴ ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ነው፤ በስስ ሻርፕ እሸፍናታለሁ። ድምፅ የለኝም። ከዚህ በቀር ያው ነኝ። እበላለሁ፣ እራመዳለሁ፣ አጎትሽን በጽሑፍ እቆጣለሁ፤ እርሱም መነጽሬን ረሳሁ እያለ ያመልጠኛል።

ለምን ደበቅሁሽ? እናትሽ ስትታመም ሻንጣሽን ይዘሽ መጣሽ። አልጋዋ ሥር ፍራሽ አንጥፈሽ ከረምሽ። እርሷን ስንሸኝ ያን ሻንጣ ተሸክሜ መናኸሪያ ያደረስኩሽ እኔ ነኝ፤ ስትሄጂም ሁለተኛ በእኔ ምክንያት እንዳይመለስ ለራሴ ቃል ገባሁ። አጎትሽንም አስማልኩት። እርሱን የሚያህል ለፍላፊ ይህን ያህል ጊዜ አፉን መያዙ፣ ፍቅሩን ከዚህ በላይ በምን ሊገልጽልሽ ነው?

ቀጥሎ ያለው ትእዛዝ አይደለም፤ ዳኛው ከወንበሩ ወርዷል። ልመና ነው። አትምጪ። ሥራሽን ጨርሺ። እኔ የትም አልሄድም።

አንድ ነገር ብቻ አንጀቴን በልቶታል። ከእኔ የጠየቅሽው አንድ ገጽ ነበር።

አባትሽ


የካቲት 15

አባባ፣

ሻንጣዬን ፈትቻለሁ። ልመናዎ ብቻ አይደለም ያሸነፈኝ፤ ሐኪሟና አናጢው ሻንጣዬ ላይ ተቀምጠው አንነሳም አሉኝ። ሰኔ በገባ ማግሥት ግን እመጣለሁ፤ በዚህ አልደራደርም። አጎቴም ከመሐላው ተፈትቷል። አሁን አውቶቡሱን ያቆምና ስንት ማንኪያ ሾርባ እንደ ጠጡ ሳይቀር ይተርክልኛል። ሞተሩ ስለመሞቁ አንድ ቀን እንኳ አላነሳም።

«ያለ ድምፄ ክፍልሽ ምን ልትሆን ነው?» ብለው አጎቴን ልከውብኛል። እኔም ሳስብበት ከረምኩ። መልሱን ያገኘሁት ቴአትረኛው ሲለማመድ ነው። ተዋንያኑ አንድም ቃል አይናገሩም፤ እኛ ግን ማን ማንን እንደሚወድ ከኋላ ወንበር ሆነን እናውቃለን።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉልኝ። እንደ ወትሮው ጠዋት ጋዜጣዎን ይዘው ይቀመጡ። ለራስዎ ያንብቡ። ገጹን ይግለጡ፣ መነጽርዎን ያንሡ፣ ደስ ባለዎት ቦታ ይረፉ። አጎቴ ስልኩን አጠገብዎ አስቀምጦ ይውጣ። እባክዎ፣ ይውጣ።

የበሩ ነገር ግን አልሆነልንም። አናጢው ለክፍሏ አንድ በር ሠርቶልኛል። ጎብኚው ከተቀመጠ በኋላ ከበሩ ውጭ በድምፅ ማጉያ ማንኳኳት እንዲሰማው አሰብኩ። ሁሉም ሞከሩ። ቴአትረኛው ሲያንኳኳ ፖሊስ ይመስላል። ሐኪሟ ስታንኳኳ መጥፎ ዜና ይዛ የመጣች ትመስላለች። ባለ ንቧ ልጅ ትሻላለች፤ ሦስተኛዋን ግን ትቸኩላለች። የሷን ቀርጸነዋል፤ ምን ይደረግ።

ቢመጡልኝ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ልጅዎ


ሚያዝያ 6

ልጄ፣

ተቀምጬ አንብቤያለሁ። ይህኛውን ያነበብኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ አጎትሽም ወጥቷል፤ በር ላይ ቆሞ ሊያደምጥ ሲሞክር ግን ይዤዋለሁ። አራት ነጥቡ ላይ ስደርስ ወደ እናትሽ ወንበር አየሁ። ይሰማ አይሰማ አንቺ ታውቂያለሽ።

ለግንቦቱ ቀን አትጠብቂኝ። ረጅም መንገድና አቧራ ለአንገቴ እንደማይስማማ ሐኪሞቼ አጥብቀው ነግረውኛል። በሐሳብ ካንቺ ጋር ነኝ።

ያ አናጢ የሠራልሽ በር እንጨቱ ምንድን ነው? ወፍራም ነው? የሚከፈተውስ ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ? ያው ለማወቅ ጉጉት ያህል ነው።

አባትሽ


ግንቦት 22

ለውድ አባባ፣

በሰላም መግባትዎን አጎቴ ነግሮኛል። ሻርፕዎን በውኃ እየነከረ፣ መስኮቱን ሁሉ ዘግቶ፣ ተሳፋሪውን በሙቀት ፈጅቶ እንዳደረስዎትም እየኮራ ተርኮልኛል።

ጠረጴዛዬ ላይ ትተውልኝ በሄዱት ወረቀት «በሩን ለመክፈት ለምን ዘገየሽ? የተሳሳተ ክፍል ያንኳኳሁ መስሎኝ ነበር» ብለዋል። እዚያው ልመልስልዎት ፈልጌ ሰው በዛብኝ። ለእርስዎም አዳራሹን ማሳየት ነበረብኝ። ባለ ንቧ በመስታወት ቀፎዋ ሥር አስቁማ ስታስረዳዎት፣ አናጢው ውኃ ያጠጣቸውን በሮች አንድ በአንድ ሲያስገፋዎት፣ የሐኪሟ ታካሚ የነበሩት መምህርት በአዲሱ ድምፃቸው ግጥማቸውን ሲያነቡ እርስዎ ቆመው ቀርተው ሳለ፣ ለዚህ የሚሆን ጊዜ አልነበረም። ቀጠሮዎን ሐኪሟ ለሰኔ መጨረሻ ይዛልዎታለች። ሥልጠናውን ሲጀምሩ እኔም እኖራለሁ።

እንግዲህ መልሴ ይኸው።

አዳራሹ ገና መከፈቱ ነበር። እኔ ክፍሌ ውስጥ ገመዶቹን እያገጣጠምኩ ነበር፤ አማካሪዬና ሁለት ፈታኞች ወንበራቸውን ይዘው እስክጀምር ይጠብቁ ነበር። በሩ ተንኳኳ። ሁለት ቶሎ ቶሎ፣ አንዱ ቆየት ብሎ። ባለ ንቧ ያስቀረጸችው መስሎኝ «ይቅርታ፣ ሳላስበው ነክቼው ነው» አልኳቸውና ላጠፋው ወደ ማጫወቻው ዞርኩ። የመሣሪያው መብራት አልበራም። ገመዱም እጄ ላይ ነበር፤ ገና አልሰካሁትም።

እጄ ላይ ያለውን ገመድ አየሁት። ከዚያ በሩን አየሁት። እንደ ልጅነቴ «ማነው?» አልኩ።

ማን እንደሆነ አውቄያለሁ፣ አባባ። የሚመልሱልኝ ድምፅ እንደሌለዎትም አውቃለሁ። ግን «ዳኛው ነኝ፤ ይፈቀድልኛል?» ይሉ የነበሩባት ጊዜ የእርስዎ ነበረች፤ ቀድሜዎት ልወስድብዎት አልፈለግሁም። እስክትሞላ ጠበቅኳት። እርስዎ በዚያ በኩል ቆመው እኔ በዚህ በኩል ቆሜ፣ ትንፋሽዎ በእንጨቱ አልፎ ይሰማኝ ነበር። ፈታኞቹ የሥራው አካል መስሏቸው ጸጥ ብለው ያደምጡ ነበር። አማካሪዬ ብቻ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ።

ከዚያ ከፈትኩልዎት።

የባለ ንቧን ቅጂ ከሥራው አውጥቼዋለሁ፤ እሷም ተስማምታለች። ሰኔ ላይ ስመጣ የድሮ ክፍሌ በር ላይ ቆመው ያንኳኩልኛል፤ መቅረጫ አላመጣም። እኔ «ማነው?» እላለሁ፤ ጥቂት እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ተፈቅዶልዎታል።

ጆሮ ጠቢዋ ልጅዎ